የመሶቡ ታችኛው እንጀራ፦ የዋልታ በረዶ እንዴት ይነበባል?

ባለፈው ሐምሌ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሱሉልታ ላይ በረዶ ጣለ። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚኖር ሰው ያውቀዋል፤ ለሩብ ሰዓት ያህል ስልክ ማናገር ቀርቶ አጠገብ ካለ ሰው ጋር መደማመጥ የለም። ሲያባራ ግቢው ነጭ ሆኖ ነበር። የጎረቤቴ ልጅ ናቲ ጆግ ይዞ ወጣና በረዶውን መልቀም ጀመረ። ሞልቶ መጣና ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ ደቡብ ዋልታ ያለው በረዶ እንደዚህ ነው?»

አፌ ላይ የመጣው «አዎ» ነበር። ትንሽ ሳስበው ግን ነገሩ «አዎ» ብቻ የሚባል አልሆነም። እናቱ ቡና አፍልታ ነበርና ገብተን ተቀመጥን። አቦል ላይ የተጀመረው ወሬ በረካ ላይም አላለቀም። ያንን ወሬ ነው እዚህ የምጽፈው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ቋንቋችን ራሱ ያደናግራል። ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደው በረዶ ነው። ፍሪዘር ውስጥ የሚረጋውም በረዶ ነው። ፈረንጅ አገር እንደ ጥጥ እየተንሳፈፈ የሚወርደውም በረዶ ነው። ለመጨረሻው አመዳይ የሚል ቃል አለን፤ ግን ስንቶቻችን እንጠቀምበታለን? የዋልታው በረዶ የሚጀምረው ከዚህ ከአመዳዩ ነው። በየዓመቱ ይወርዳል፣ አይቀልጥም፣ የሚቀጥለው ዓመት በላዩ ይወርዳል። ይህ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲደጋገም ግግር በረዶ ይሆናል።

ከጆጉ ትልቁን መርጠን በቢላ ለሁለት ከፈልነው። ውስጡ እንደ ሽንኩርት ቀለበት በቀለበት ነው፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ እንደ መስታወት ጥርት ያለ። ጥርት ያለው፣ ውኃው ቀስ ብሎ ሲረጋ አየሩ ያመለጠበት ነው። ነጩ ቶሎ ረግቶ አየር የታፈነበት ነው። ናቲ ነጩን ነክቶ «ቀለም ነው?» አለኝ። አየር ነው። በረዶ አየር አፍኖ ይይዛል፤ ይቺን ነገር ያዙልኝ።

ሰሜን ዋልታና ደቡብ ዋልታ በስም እንጂ በግብር አይገናኙም። ሰሜኑ ባሕር ነው። በላዩ የተንሳፈፈው በረዶ ውፍረቱ ጥቂት ሜትር ቢሆን ነው፤ ከሥሩ በሺህ ሜትሮች የሚለካ ጥልቅ ውቅያኖስ አለ። ደቡቡ ግን መሬት ነው። አንታርክቲካ የሚባለው አህጉር ወደ 14 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ኢትዮጵያን አሥራ ሁለት ጊዜ ደርድረንበት ትርፍ ቦታ ይቀራል። በላዩ ያለው በረዶ በአማካይ ወደ 2 ኪሎ ሜትር ይወፍራል፣ አንዳንድ ቦታ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ከዓለም በረዶ 90 በመቶ የሚሆነው እዚያ ነው። ሌላው ትልቁ ግግር ግሪንላንድ ላይ ነው።

ልዩነቱን ለማሳየት ጆጉ ውስጥ ውኃ ጨመርንበትና ከፍታውን በእስክሪብቶ ምልክት አደረግንበት። በረዶው ተንሳፈፈ። ቀልጦ ሲያልቅ ውኃው እዚያው ምልክቱ ላይ ነበር። ተንሳፋፊ በረዶ ቀድሞውንም ክብደቱን የሚያህል ውኃ ገፍቶ ቦታ ይዟል፤ ስለዚህ ሲቀልጥ የሚጨምረው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ባሕርን ከፍ የሚያደርገው መሬት ላይ የተቀመጠው ነው፤ ግሪንላንድና አንታርክቲካ።

ታዲያ የሰሜኑ ቢቀልጥ ምን ቸገረን? አዲስ ቆርቆሮና የዛገ ቆርቆሮ ፀሐይ ላይ አስቡ። አንዱ ብርሃኑን መልሶ ይወረውረዋል፣ ሌላው ይውጠዋል። ነጭ በረዶ ተገፎ ጥቁር ባሕር ሲገለጥ ያ ባሕር ሙቀቱን ይውጣል፤ የበለጠ ይሞቃል፣ የበለጠ ያቀልጣል። ሳተላይቶች ከ1979 ጀምሮ በተከታታይ እየተመለከቱት ነው። መስከረም ላይ፣ በረዶው በዓመት ውስጥ በጣም በሚያንስበት ጊዜ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ 7 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በ2012 ወደ 3.4 ሚሊዮን ወረደ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ያ ሁሉ በረዶ እንዴት መጽሐፍ ይሆናል?

መሶብ ውስጥ ያለውን እንጀራ አስቡ። መጀመሪያ ከምጣድ የወጣው ታች ነው። የመጨረሻው ላይ ነው። ላዩ ገና ዓይኑ ክፍትፍት ያለ፣ ለስላሳ ነው። ታችኛው በላዩ ባለው ክብደት ተጭኖ ሳስቷል፣ ዓይኑም ጠቦ ጠፍቷል። ማንም ቀን ባይጽፍበትም ከታች ወደ ላይ ስትቆጥሩ የጋገረችውን ቅደም ተከተል ታገኛላችሁ።

የዋልታውም እንዲሁ ነው። ላይ ያለው አመዳይ ልቅ ነው፤ አየር ይገባበታል ይወጣበታል። ከ60 እስከ 100 ሜትር ገደማ ሲወርድ ግን ክብደቱ ይጫነዋል፣ ቀዳዳዎቹ ይዘጋሉ፣ ውስጥ የነበረው አየር አረፋ ሆኖ ይታፈናል። እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። አየሩ የሚታፈነው በረዶው ከወረደ ከብዙ ዓመት በኋላ ስለሆነ፣ አረፋው ከያዘው በረዶ ዕድሜው ያነሰ ነው። ቤቱ ያረጀ፣ ተከራዩ አዲስ እንደማለት። በአንታርክቲካ መሀል ልዩነቱ በሺህ ዓመታት ይቆጠራል፤ ተመራማሪዎቹ ዕድሜ ሲቆጥሩ ለበረዶው አንድ፣ ለአየሩ ሌላ መዝገብ ይይዛሉ።

የመሶቡን ምሳሌ የሚያበላሽ አንድ ልዩነት አለ። በረዶ ይፈስሳል። ጠንካራ ይመስላል እንጂ በብዛት ሲከመር እንደ ሊጥ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ስለዚህ ቁፋሮ የሚደረገው በዘፈቀደ አይደለም። ጉብ ያለው ቦታ ይመረጣል፤ እዚያ በረዶው ወደ ጎን እምብዛም ስለማይሄድ ገጾቹ በቅደም ተከተላቸው ይቆያሉ።

ከነዚህ ጉብታዎች አንዱ ዶም ሲ ይባላል። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 3,233 ሜትር ነው፤ ከእንጦጦ ጫፍ ጋር ይቀራረባል። ልዩነቱ ግን፣ የእኛ እንጦጦ ድንጋይ ነው። ዶም ሲ ከላይ እስከ ታች በረዶ ነው። እንጦጦ ላይ ቆማችሁ ከእግራችሁ ሥር እስከ ባሕር ጠለል ድረስ ያለው ሁሉ በረዶ ነው ብላችሁ አስቡት። የዓመቱ አማካይ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 54 ዲግሪ ገደማ ነው። ቮስቶክ የተባለው የሩሲያ ጣቢያ ደግሞ ጁላይ 21 ቀን 1983 ከዜሮ በታች 89.2 ዲግሪ መዝግቧል። የሱሉልታን የታኅሣሥ ውርጭ የምናማርር ሰዎች ዝም ብንል ይሻላል።

ናቲ በጣም የገረመው ሌላ ነው። እዚያ አንታርክቲካ መሀል ዝናብም በረዶም እምብዛም የለም። ዓመቱን ሙሉ የሚወርደው ወደ ውኃ ቢቀየር ከ5 ሴንቲ ሜትር በታች ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከአንድ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። አንታርክቲካ በረሃ ነው ስንል ቀልድ አይደለም። ግን ጠቀሜታው እዚሁ ላይ ነው። ጥቂት ስለሚወርድ ገጾቹ ስስ ናቸው፤ ገጾቹ ስስ ስለሆኑ በ3 ኪሎ ሜትር ውስጥ ብዙ መቶ ሺህ ዓመት ይገባል። ግሪንላንድ ላይ በተቃራኒው ብዙ ይወርዳል። እዚያ ዕድሜው ያጥራል፣ ገጹ ግን ወፍራም ስለሆነ ዓመት በዓመት መቁጠር ይቻላል።

እኛ ሰፈር የጉድጓድ ውኃ ቁፋሮ ያላየ የለም። ማሽኑ ሌት ተቀን ያጓራል፣ ጭቃው ይደፋል፣ የሚፈለገው ቀዳዳው ነው። በረዶ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ቀዳዳው ምንም አይደለም፤ የሚፈለገው ከውስጡ የሚወጣው ነው። መሰርሰሪያው ባዶ ቱቦ ነው። ዙሪያውን እየቆረጠ ይወርድና መሀሉ ላይ አሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የበረዶ ምሰሶ ይቀራል። እሱን ሰብሮ በገመድ ወደ ላይ ይጎትቱታል። ሦስት ሜትር ገደማ ያወጣሉ፣ ደግሞ ይወርዳሉ። ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር አንዱ ምልልስ ከሰዓት በላይ ይፈጃል። በዚያ ላይ በረዶው ስለሚፈስ ጉድጓዱ ራሱን ሊዘጋ ይፈልጋል፤ እንዳይዘጋ የማይረጋ ፈሳሽ ይሞሉበታል።

ዶም ሲ ላይ የአውሮፓ ተመራማሪዎች ኤፒካ በሚል ፕሮጀክት የጀመሩት የመጀመሪያ ጉድጓድ 788 ሜትር ላይ መሰርሰሪያውን ነክሶ አስቀረው። አልወጣም። ከዜሮ ጀመሩ። አዲሱን ጉድጓድ በ2004 ወደ 3,270 ሜትር አደረሱት፤ የተገኘው በረዶ 800,000 ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። በጥር 2025 ደግሞ ከዚያ ወደ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የቆፈረ ሌላ ቡድን 2,800 ሜትር ወርዶ ቋጥኙ ጋ ደረሰ። ያወጣው በረዶ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት ያላነሰ ዕድሜ አለው።

አረፋው መዝገብ መሆኑን ካስተዋሉት አንዱ ፈረንሳዊው ክሎድ ሎሪዩስ ነው። በ1965 አንታርክቲካ ላይ፣ ከሥራ በኋላ፣ ከጥልቅ የወጣ በረዶ ውስኪያቸው ውስጥ ጨመሩ። በረዶው ሲቀልጥ አረፋው እየፈነዳ ወጣ። ሎሪዩስ ያንን ሲያይ፣ ይህ አየር እኮ ከጥንት የታፈነ ነው፣ ብሎ አሰበ። (ናቲ ፊት ይህን ሳወራ እናቱ በዓይኗ ገላመጠችኝ፤ ሳይንስ ነው ብዬ አለፍኩት።) ዛሬ በረዶው በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ይፈጫል፣ የወጣው አየር ይለካል። ባለፉት 800,000 ዓመታት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን የአየር ቅንጣት ውስጥ ከ180 አካባቢ እስከ 300 ድረስ ሲወጣ ሲወርድ ኖሯል። አሁን ከ420 በላይ ነው። በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ይህን ቁጥር የሚያህል የለም።

አንዳንዱ «ድሮ እኮ መጀመሪያ ሙቀቱ ጨምሮ ነው ካርቦኑ የተከተለው» ይላል። ከፊሉ እውነት ነው። የድሮው ለውጥ የሚቀሰቀሰው ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትዞርበት መንገድና ዘንበል ማለቷ ቀስ እያለ ስለሚለዋወጥ ነው። ጥቂት ሙቀት ሲጨምር ባሕሩ ካርቦን ይለቃል፣ ካርቦኑ ደግሞ ሙቀቱን ያባብሳል። አሁን ግን ካርቦኑን ቀድመን የለቀቅነው እኛው ነን፤ ከሰል፣ ነዳጅ፣ ጋዝ።

አየሩ ይሄ ነው። ሙቀቱንስ ከየት አወቁት? ለኔ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ይሄኛው ነው።

ውኃ ሁሉ እኩል አይመዝንም። ኦክስጅን አብዛኛው ክብደቱ 16 ነው፤ ከ500 አንዱ ገደማ ግን 18 ይመዝናል። ከባዱን ኦክስጅን የያዘ ውኃ ከባሕር ለመነሳት ይለግማል፤ ከተነሳም በኋላ ቶሎ መውረድ ይፈልጋል። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን አስቡ። ሸክሙ የከበደባት ቀድማ ታርፋለች፣ ቀለል ያላት ትቀጥላለች። ደመናም ከሞቃት ባሕር ተነስቶ ወደ ዋልታ ሲጓዝ ከባዱን ውኃ መንገድ ላይ ያራግፋል። ጉዞው በቀዘቀዘ ቁጥር የሚያራግፈው ይበዛል፤ መጨረሻ ላይ ዋልታ የሚደርሰው ቀላሉ ነው። እንግዲህ በረዶው ቀላል ከሆነ ያ ዘመን ቀዝቃዛ ነበር፤ ከበድ ካለ ሞቅ ያለ ነበር።

ይህን ያገኘው ዴንማርካዊው ቪሊ ዳንስጎር የጀመረው ዋልታ ሄዶ አይደለም። በሰኔ 1952 ኮፐንሃገን ላይ ሲዘንብ የቢራ ጠርሙስ ላይ ኢምቡቶ ሰክቶ ግቢው ውስጥ አስቀመጠ። ጋዝ የምንቀዳበትን ዓይነት ኢምቡቶ። ጠርሙስ እየቀያየረ የያዘውን ውኃ አተምን በክብደት በሚለይ ማሽን አስገባው። የደመናው ቅዝቃዜ ሲለወጥ የውኃው ክብደት አብሮ ተለወጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ የግሪንላንድ የድሮ በረዶ የድሮውን አየር ጠባይ ሊነግረን ይችላል ብሎ ጻፈ። በረዶው እስኪገኝ ጊዜ ወሰደ። በመጨረሻ የተገኘው ካምፕ ሴንቸሪ ከተባለ፣ የአሜሪካ ጦር ግሪንላንድ በረዶ ውስጥ ከቆፈረው ሰፈር ነው። በ1966 እዚያ 1,387 ሜትር ወርደው ቋጥኝ ነኩ፤ ዳንስጎርም ከዚያ በረዶ የ100,000 ዓመት ገደማ ሙቀት አነበበ።

አሁን ወደ ቤታችን ልመልሳችሁ። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲና የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት በየአገሩ ዝናብ እያጠራቀሙ የሚያስመዝኑበት መረብ አላቸው። አዲስ አበባ ከ1961 ጀምሮ መዝገቡ ላይ አለች። ከአፍሪካ ረጅም መዝገብ ካላቸው ከተሞች አንዷ ናት። ደግሞ እንግዳ ናት። ደንቡ፣ ቦታው ከፍ ባለ ቁጥር ዝናቡ ይቀላል ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ ዝናቧ ግን ለከፍታዋ ከሚጠበቀው በላይ ከባድ ነው። ሳይንቲስቶች በዚህ ሲከራከሩ ኖረዋል። አንዱ ማብራሪያ፣ የክረምቱ ደመና ከፊሉ ከባሕር በቀጥታ የመጣ ሳይሆን ከኮንጎ ደንና ከመሬት ዳግመኛ የተነነ ውኃ ነው የሚል ነው። ከሱሉልታ ጣሪያ ላይ የሚንጠባጠበውና ከዶም ሲ የሚወጣው በአንድ ዓይነት ሚዛን የሚመዘኑ ናቸው።

በረዶው ሌላም ነገር ይይዛል። አቧራ አለ፤ ብዙ አቧራ ያለበት ገጽ ደረቅና ነፋሻ ዘመን ነበር። የእሳተ ገሞራ አሲድ አለ፤ በ1815 የፈነዳው የኢንዶኔዢያው ታምቦራ በሁለቱም ዋልታ በረዶ ውስጥ ተመዝግቧል። ሮማውያን ብር ሲያቀልጡ የወጣው እርሳስ የተባለ ማዕድን ግሪንላንድ ላይ አለ። የ1950ዎቹና የ60ዎቹ የኑክሌር ሙከራ ጨረርም አለ፤ እሱ ዕድሜ ለመቁጠር እንደ ዕልባት ያገለግላል።

ይህ ሁሉ የድሮው ነው። የዛሬውስ? የዛሬው የሚለካው ከላይ ነው። ሌዘር የሚተኩሱ ሳተላይቶች የበረዶውን ከፍታ ይለካሉ። አውሮፕላኖች በራዳር ሞገድ በረዶውን ሰንጥቀው ሥሩ ያለውን ቋጥኝ ያያሉ፤ በዚህ ዓይነት ዘዴ ነው ቮስቶክ ጣቢያ ሥር ወደ 4 ኪሎ ሜትር ከሚጠጋ በረዶ በታች ጣናን አራት ጊዜ የሚያህል ሐይቅ እንዳለ የታወቀው። ለኔ የሚገርመኝ ግን ሚዛኑ ነው። ግሬስ የተባሉ ሁለት ሳተላይቶች በ2002 ወጡ፤ በ2018 ተተኪዎቻቸው ተከተሉ። ከአዲስ አበባ ሻሸመኔ አካባቢ የሚሆን ርቀት ጠብቀው ይከታተላሉ። ከፊት ያለው ከባድ ነገር ላይ ሲደርስ የስበት ኃይሉ ወደፊት ይስበዋል፣ ርቀታቸው በጥቂቱ ይሰፋል። ጥቂቱ ከፀጉር የቀጠነ ነው። ያንን እየለኩ ከሥራቸው ያለውን በረዶ ይመዝናሉ።

ሚዛኑ ምን አለ? ግሪንላንድ ከ2002 ወዲህ በአማካይ በዓመት ወደ 270 ቢሊዮን ቶን በረዶ ታጣለች። የሕዳሴ ግድብ ሞልቶ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ግሪንላንድ በየዓመቱ ከሦስት ተኩል በላይ ሙሉ ሕዳሴ ወደ ባሕር ትለቃለች። አንታርክቲካ የዚያን ግማሽ ያህል። ባሕሩን 1 ሚሊ ሜትር ለማሳደግ ወደ 360 ቢሊዮን ቶን ያስፈልጋል።

ቲክቶክ ላይ «አንታርክቲካ ቀልጦ ዓለም ሊሰምጥ ነው» የሚሉ አሉ። የአንታርክቲካ በረዶ በሙሉ ቢቀልጥ ባሕር በ58 ሜትር ገደማ ይነሳል፣ ልክ ነው። ግን ያ የነገ ወሬ አይደለም፤ ሺህ ዓመታት ይፈልጋል። የሚያሳስበው ከ58ቱ አንዱ ሜትር ነው። እኛ ባሕር የለንም ብለን መተው አያዋጣም፤ ዘይታችንም ማዳበሪያችንም የሚገባው በጅቡቲ ወደብ ነው፣ ወደብ ደግሞ ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። በረዶም ቢሆን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የባሌ ሳነቴ ሜዳ ከፊሉ ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት በግግር በረዶ ተሸፍኖ ነበር፤ በረዶው የገፋቸው የድንጋይ ክምሮች ዛሬም እዚያው አሉ።

ናቲ በመጨረሻ የራሱን መዝገብ ሊጀምር አሰበ። ግቢው ውስጥ የቀረውን በረዶ ሃይላንድ ውስጥ ከትቶ፣ ፕላስተር ለጥፎበት «ሐምሌ 12» ብሎ ጻፈና የሰፈሩ ሱቅ ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጠው። ሰኞ መብራት ሄዶ እስከ ማክሰኞ ማታ አልመጣም። ረቡዕ ጠዋት ሃይላንዱን ይዞ መጣ። ውስጡ ውኃ ነው። ፊቱ ላይ ያለው ሐዘን የቀብር ነበር።

ካናዳ ውስጥም በ2017 የበረዶ ምሰሶ ማከማቻ ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ ከስብስቡ ስምንት እጅ አንዱ ገደማ ቀልጧል አልኩት። ክዳኑን ነካሁት። ጥብቅ ብሎ ተዘግቷል።

«ውኃው አልተነነም። ከባዱም ቀላሉም እንዳለ እዚሁ አለ። ይመዘናል።»

«አየሩስ?»

«አየሩ ወጥቷል።»

ሃይላንዱን ወደ ብርሃን አንስቶ ትንሽ አየው። ከዚያ የሚቀጥለው በረዶ መቼ እንደሚጥል ጠየቀኝ።